መሬቱ የማን ነበር? ሕንፃውስ? ስለ ታጅ ማሃል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። አብረውኝ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ህንዶች ናቸው። ሰሞኑን በምሳ ሰዓት ሁለቱ በታጅ ማሃል ነገር ተነሥተው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አንደኛው ድሮ ‹ቴጆ ማሃላያ› የሚባል የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነበር፣ ሙስሊሞቹ ነጠቁን፤ ከሥሩ 22 የተቆለፉ ክፍሎች አሉ፣ ጣዖቶቹ እዚያ ተደብቀዋል ይላል። ሌላው ደግሞ የሙስሊሞች ወቅፍ (ለሃይማኖታዊ ዓላማ የተሰጠ ንብረት) ነው፣ መንግሥትንም አያገባውም አለ። እኔ የማውቀው ንጉሡ ለሚስቱ ያሠራው መቃብር መሆኑን ብቻ ነው። እባክዎ ማናቸው ናቸው ትክክል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተ የምታውቀው ልክ ነው። ታጅ ማሃል ህንድን ይገዛ የነበረው የሙስሊሙ የሞጉል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ለሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ከመሠረቱ ጀምሮ ያሠራው መቃብር ነው። ይህን ብዬ ብተውህ ግን ጓደኞችህ ነገ በምሳ ሰዓት ያሸንፉሃል፤ ምክንያቱም ሁለቱም በባዶ እጃቸው አልመጡም። እያንዳንዳቸው አንድ እውነተኛ ነገር ይዘዋል። ችግሩ በያዙት እውነት ላይ የቀጠሉት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ከመጀመሪያው ጓደኛህ ልጀምር፤ የእሱ የበለጠ ይጥማል።

ሙምታዝ ማሃል አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ቡርሃንፑር ላይ ሞተች፤ ሰኔ 17 ቀን 1631 ነበር። ባሏ ለጦርነት ወደ ደቡብ ወርዶ ሳለ አብራው ነበረች። አስከሬኗ በጊዜያዊነት እዚያው አንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ካረፈ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ልጇ ሻህ ሹጃ አጅቦ ታጅ ማሃል ወደሚገኝባት ወደ አግራ ከተማ አመጣት። በያሙና ወንዝ ዳር አንድ ቦታ ተመረጠላት። አሁን ጓደኛህ የሚያነሣት ነጥብ እዚህ ጋ ነች፦ ቦታው ባዶ አልነበረም፣ ባለቤቱም ሙስሊም አልነበረም። ራጅፑት ከሚባለው የሂንዱ ጦረኛ ወገን የሆነው የአምበር (የኋላዋ ጃይፑር) ራጃ፣ ማለትም ንጉሥ፣ የጃይ ሲንግ ይዞታ ነበር፤ ከእሱ በፊት ደግሞ የሻህ ጃሃን አያት የንጉሠ ነገሥት አክባር ታላቅ የጦር አዛዥ የነበረው የራጃ ማን ሲንግ ቤት ነበረበት።

ይህን ያጋለጠው ማን መሰለህ? የሻህ ጃሃን የራሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አብዱል ሐሚድ ላሆሪ ነው። «ፓድሻህናማ» በተባለው የዘመነ መንግሥቱ ታሪክ ውስጥ ቦታው ቀደም ሲል የራጃ ማን ሲንግ «መንዚል» እንደ ነበረ፣ በዚያን ጊዜም የልጅ ልጁ ብሎ በሚጠራው በጃይ ሲንግ እጅ እንዳለ በግልጽ ይጽፋል። መጽሐፉ የተጻፈበት ፋርስኛ የተዋሰው ቃል ዓረብኛ ስለሆነ አንተ ዱባይ ያለኸው ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ መንዚል ማለት መኖሪያ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ፋርስኛ የጣዖት ቤት ሲባል የራሱ ስም አለው፣ «ቡት ኻና» ይባላል። ላሆሪ ያንን ቃል አልተጠቀመም።

«መቅደስ መሆኑን ደብቆ ቢሆንስ?» ይልህ ይሆናል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ መልስ ይህ ነው፦ ላሆሪ እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቅ ሰው አልነበረም። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ የታጅ ግንባታ በተጀመረበት ሰሞን፣ በንጉሡ ትእዛዝ በበናሬስ (በዛሬዋ ቫራናሲ) አውራጃ 76 ቤተ መቅደሶች መፍረሳቸውን እንደ መልካም ሥራ ቆጥሮ መዝግቧል። ለእሱ ይህ የሚያኮራ ወሬ ነው። በገጠር ያሉ መቅደሶችን ማፍረስ እንደ ጀብዱ የቆጠረ ሰው፣ በዋና ከተማው መሃል አንድ ዝነኛ የሺቫ መቅደስ ለንግሥቲቱ መቃብር ሲለወጥ አፍሮ «ቤት ነበር» ብሎ ያልፈዋል? አይመስለኝም። ያንን ቢያገኝ ኖሮ ሦስት ገጽ በሞላበት።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ጃይ ሲንግ ቦታውን በነፃ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደ ነበረ፣ እንዲያውም እንደ ክብር እንደ ቆጠረው ተጽፏል። ንጉሡ ግን ምትክ ሰጠው። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ የመቃብር መሬት በሕጋዊ መንገድ የተገኘ፣ የሰው ዕንባ የሌለበት መሆን አለበት። የምትክ ቦታው ፈርማን፣ ማለትም የንጉሡ የትእዛዝ ደብዳቤ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1633 የተጻፈ ሲሆን በጃይፑር ቤተ መንግሥት መዛግብት በኩል እስከ ዛሬ ደርሷል። ጃይ ሲንግ አግራ ከተማ ውስጥ አራት ትልልቅ ቤቶች በምትኩ አገኘ፤ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ስም ሳይቀር ተዘርዝሯል። አዲስ አበባ ላይ ምትክ ቦታ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይቀና አይቀርም።

ስለዚህ በ2022 የጃይፑር ንጉሣዊ ቤተሰብ አባልና ያን ጊዜ የፓርላማ አባል የነበረችው ዲያ ኩማሪ «መሬቱ የቤተሰባችን ነበር፣ ሰነድም አለን» ስትል አዲስ ነገር አላወጣችም። እውነቷን ነው። ግን ያ ሰነድ የሚናገረው ስለ ቤትና ስለ ምትክ ነው። የመቅደሱ ወሬ ከየት መጣ ታዲያ?

ከአንድ ሰው ነው የመጣው። ፑሩሾታም ናጌሽ ኦክ የተባለ፣ በ2007 ያረፈ ህንዳዊ ጸሐፊ በ1960ዎቹ አጋማሽ ታጅ ማሃል የራጅፑት ቤተ መንግሥት ነበር ብሎ ጻፈ። መነሻው ያቺው የላሆሪ ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ቤተ መንግሥቱ አደገና የሺቫ ቤተ መቅደስ ሆነ፤ «ቴጆ ማሃላያ» የሚለው ስምም ተገኘለት። አንድ ሰው የመጀመሪያ ክሱን አቋርጦ ሌላ ክስ ሲመሠርት ዳኛ መጠርጠሩ አይቀርም። ይኸው ጸሐፊ ቫቲካንን፣ መካ ያለውን ካዕባን፣ ለንደን ያለውን የዌስትሚኒስተር ገዳምንም ድሮ የሂንዱ መቅደሶች ነበሩ ብሏል። ለአብዛኞቹ የሚያቀርበው ማስረጃ የቃላት መመሳሰል ነው። በ2000 ጉዳዩን ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያቀርብም ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀርቷል።

ስለ ስሙ ብቻ አንድ ነገር ልበል። «ማሃል ማለት ቤተ መንግሥት ነው፤ መቃብር እንዴት ቤተ መንግሥት ይባላል?» የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። ነገር ግን ማሃል የሚለው በሞጉሎቹ ዘንድ በንግሥቶች የማዕረግ ስም ውስጥ ይገባ ነበር፤ «ሙምታዝ ማሃል» ራሱ «የቤተ መንግሥቱ ምርጥ» እንደ ማለት ነው። ግንባታው ሲጀመር አግራ የነበረው እንግሊዛዊ ነጋዴ ፒተር ሙንዲ በማስታወሻው ላይ ንጉሡ ለሞተችው ንግሥቱ መቃብር እያሠራ መሆኑን ሲጽፍ ንግሥቲቱን ራሷን «ታጅ ማሃል» ብሎ ይጠራታል። ስሙ የሰው ስም ነው ማለት ነው። ሙንዲ ጨምሮም ሥራው በብዙ ድካምና ወጪ እየሄደ እንደሆነ፣ እዚያ ወርቅና ብር እንደ ተራ ብረት፣ እብነ በረድም እንደ ተራ ድንጋይ እንደሚቆጠር ይናገራል። ሰውየው ሂንዱም ሙስሊምም አይደለም፤ ንጉሡን የሚያሞካሽበት ምክንያት አልነበረውም። ያየውን ነው የጻፈው፣ ያየውም ሲገነባ ነው።

ሌሎቹን ነጥቦች በፍጥነት ልለፋቸው። ጉልላቱ ጫፍ ላይ ያለው ነገር የሺቫን ባለ ሦስት ሹል ጦር ይመስላል ይላሉ። ከሩቅ ሲታይ እውነትም ይመስላል፤ ቀረብ ብለህ ስታየው ግን ጨረቃ ነው፣ በመሃሉ ሹል ነገር ያለፈበት። ከጨረቃዋ በታች ያለው ማድጋ መሳይ ጌጥና ጉልላቱን የሸፈነው የተገለበጠ የሎተስ አበባ ግን በእርግጥ ከህንድ የመጡ ናቸው። ከመካከለኛው እስያ የመጡት ሞጉሎች እዚያ ከተወለዱ የድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች ጋር ነበር የሚሠሩት። ጠራቢው እጁ የለመደውን ነው የሚቀርጸው፤ የሎተስ አበባ ማየት መቅደስ ማየት አይደለም።

ሌላም አለ፤ ኦውራንግዜብ፣ ያን ጊዜ ልዑል ሳለ፣ በ1652 መጨረሻ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ። በክረምቱ ዝናብ የመቃብሩ ጉልላት በሰሜን በኩል በሁለት ቦታ ማፍሰሱን ያሳውቃል። «አዲስ ሕንፃ እንዴት ያፈሳል? አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ» ይላሉ። ይህን ክርክር መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። አዲስ ኮንዶሚኒየም በገባበት ክረምት ጣራው ሥር ባልዲ የደቀነ አበሻ ለዚህ መልስ አያጣም። ደግሞም ዋናው መቃብር በ1643 ተጠናቆ ስለነበር ዘጠኝ ክረምት አሳልፏል።

አንድ አሜሪካዊ አርክቴክትም በ1970ዎቹ በወንዙ በኩል ካለ በር ላይ ቁራጭ እንጨት ወስዶ በካርቦን አስመርምሮ 14ኛው መቶ ዘመን የሚል ውጤት አገኘሁ ብሎ ነበር። ውጤቱን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ፣ የካርቦን ምርመራ የሚነግርህ ዛፉ መቼ እንዳደገ ነው፤ በሩ መቼ እንደተገጠመ አይነግርህም፤ ግድግዳው መቼ እንደተሠራማ ጨርሶ አያውቅም። እንጨት ከአሮጌ ቤት ተነቅሎ ለአዲስ ቤት ሲውል ስንቴ አይተናል! ከዚያ ሁሉ እብነ በረድ ይልቅ አንዲት ስንጥር ማመን ትንሽ ይከብዳል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ፤ ጓደኛህ ድምፁን ከፍ ያደረገው እዚህ ላይ መሆን አለበት። ክፍሎቹ አሉ፤ ውሸት አይደለም። ታጅ ማሃል ያረፈበት ሰፊ መደብ ከወንዙ በኩል ሲታይ ረጅም የቀይ ድንጋይ ግድግዳ ነው። ከመደቡ ሥር በወንዙ ትይዩ ተደርድረው የተሠሩ ክፍሎች አሉ፤ ቀድሞ ወደ ውሃው የተከፈቱ ነበሩ። ሰሜን ህንድን በግንቦት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተሠሩ አይጠፋውም። ንጉሡ ከአግራው ምሽግ በጀልባ መጥቶ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት ነው። ግድግዳዎቹ ላይ የሞጉል ጌጣጌጥ ሥዕል አለ። የታጅን ግቢ እያንዳንዱን ጥግ ለክታ ያጠናችው ኦስትሪያዊቷ የኪነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ኤባ ኮኽ ገብታ አይታቸዋለች፣ ጽፋቸዋለችም። የህንድ አርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም ክፍሎቹን ሲጠግን ያነሣቸውን ፎቶዎች በ2022 ለሕዝብ አውጥቷል። ለጎብኚ የተዘጉት ለደኅንነትና ለጥበቃ ሲባል ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ የገዥው ፓርቲ ሰው ክፍሎቹ ይከፈቱ ብሎ ለአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ። የሉክናው ችሎት ውድቅ አደረገው። ዳኛው «ነገ ደግሞ የዳኞችን ቢሮ እንይ ትሉናላችሁ» ዓይነት ነገር ተናግረው፣ አቤት ባዩ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲመራመር መከሩት። ከዚያ ቀደም ሲል በ2015 ጠበቆች አግራ ፍርድ ቤት ውስጥ መቅደስ ነው የሚል ክስ መሥርተው ነበር፤ የባህል ሚኒስትሩ በዚያው ዓመት ለፓርላማ ማስረጃ የለም ብለው መለሱ፤ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤቱም በ2017 ለፍርድ ቤቱ መቃብር እንጂ መቅደስ አይደለም ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠ። ልብ በል፣ ይህ ሁሉ የሆነው የሂንዱ ብሔርተኛው ፓርቲ ሥልጣን ላይ እያለ ነው። የፓርቲው ፖለቲከኞች አደባባይ ላይ «ቴጆ ማሃል» እያሉ፣ የራሱ መንግሥት በመሐላ ቃል ደግሞ መቃብር ነው ይላል። ፍርድ ቤት ፊት የሚባለውና ምርጫ ሰሞን የሚባለው አንድ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አስተውል። የዚህን ክርክር ውድቅነት ስነግርህ በህንድ የሚነሣ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሁሉ ተረት ነው ማለቴ አይደለም። ቫራናሲ ያለው የግያንቫፒ መስጊድ ጋ ብትሄድ ከጀርባው ያለው ግድግዳ የድሮው የሺቫ መቅደስ ግድግዳ መሆኑን በዓይንህ ታያለህ፤ በ1669 በኦውራንግዜብ ትእዛዝ መፍረሱም በፋርስኛ ተጽፏል። እዚያ ክርክሩ የተፈጸመው ነገር ዛሬ ምን ይደረግለት የሚል ነው። አግራ ላይ ግን የተፈጸመ ነገር ራሱ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀልሉ ሰዎች የእውነተኛውን አቤቱታ ዋጋ ነው የሚያረክሱት፤ እኔ ሂንዱ ብሆን ከማንም በላይ የምቆጣው በኦክ ላይ ነበር።

አንድ የሙያዬን ማስረጃ ልጨምርልህ፣ ማንበብም ሰነድም አያስፈልገውም። ወደ መቃብሩ ስትገባ የሙምታዝ የመቃብር ሳጥን በትክክል መሃል ላይ ነው። በሩ፣ የውሃው መስመር፣ የአትክልቱ መንገድ፣ ጉልላቱ፣ አራቱ ሚናራዎች ሁሉ በእሷ ላይ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። በምዕራብ ያለው መስጊድ ወደ መካ ስለሚያይ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲባል ብቻ በምሥራቅ ሚሕራብ (የመካን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ) የሌለው መንታ ሕንፃ ተሠርቶለታል። በዚህ ሁሉ ትክክልነት መሃል አንድ የተዛነፈ ነገር አለ፤ የሻህ ጃሃን የራሱ ሳጥን። በ1666 ሲሞት ከሚስቱ ጎን በምዕራብ በኩል ተሸጎጠ፤ ከእሷ ስለሚበልጥ ደግሞ ሥርዓቱን ጭራሽ ያበላሻል። አለቀ በተባለ ሕንፃ ውስጥ በኋላ የገባ ነገር እንዲህ ነው የሚያስታውቀው። የሙምታዝ መቃብር በሌላ ሰው መቅደስ ውስጥ የገባ እንግዳ ቢሆን ኖሮ እሷም አንድ ቦታ ላይ ትዛነፍ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ ልምጣ። የእሱ ጉዳይ አጭር ነው፣ እውነቱም የሚናቅ አይደለም። ሻህ ጃሃን ለመቃብሩ እንክብካቤ በአግራ ዙሪያ ያሉ የ30 መንደሮችን ገቢ፣ ከዚያም በላይ ከግቢው ደቡብ የነበሩትን የገበያና የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ኪራይ በወቅፍ ሰጥቷል። ይህንንም የሚነግረን ላሆሪ ነው። ወቅፍ ነበረበት ማለት ትክክል ነው።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ አገሩ ስንት ጌታ ቀያየረ! ጃቶች፣ ማራታዎች፣ የእንግሊዙ ኩባንያ፣ የእንግሊዝ ዘውድ፣ በመጨረሻ የህንድ መንግሥት። በ2005 የኡታር ፕራዴሽ የሱኒ ወቅፍ ቦርድ ታጅ ማሃልን በስሙ መዘገበ፤ የአርኪዮሎጂው መሥሪያ ቤት ይግባኝ አለ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ሻህ ጃሃን የፈረመበትን የወቅፍ ሰነድ አምጡ። ዋና ዳኛው ዲፓክ ሚስራ አክለው ሰውየው በልጁ በኦውራንግዜብ ታስሮ አግራ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ሊፈርም እንደቻለ ጠየቁ። ሰነዱ አልመጣም። ቦርዱ በመጨረሻ የታጅ ባለቤት ፈጣሪ ነው፣ ማንም ሰው የእኔ ሊል አይችልም፣ እኛ የምንፈልገው መንከባከቡን ብቻ ነው አለ። ጥሩ ማፈግፈጊያ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ካርታ የሚያወጣ ቢሮ የለምና።

ሙስሊሞች እዚያ ያላቸው መብት ግን አልጠፋም። ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የአግራ ነዋሪ የሆኑ ሙስሊሞች ለጁምዓ ሶላት ይገባሉ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው እንዳይገባ የከተማው አስተዳደር በ2018 የከለከለውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። ይህን ሕግ የተማርኩት በእግሬ ነው። ዴልሂ ተማሪ ሳለሁ ከሌሊቱ ባቡር ወርጄ በሩ ላይ የደረስኩት ዓርብ ጧት ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሆኜ አይቼው ተመለስኩ።

ስለዚህ ነገ ስትገናኙ ለመጀመሪያው «ላሆሪ የጻፈው ቃል መንዚል ነው ወይስ ቡት ኻና?» በለው። ለሁለተኛው ስለ 30ዎቹ መንደሮች አመስግነውና የተፈረመበትን ወረቀት ጠይቀው። ምድር ቤቱን ካላየን አናምንም ካሉህ ደግሞ የሚታይ ምድር ቤት አለ፦ ላይ የሚታዩት ሳጥኖች ባዶ ናቸው፤ ሙምታዝና ሻህ ጃሃን በእርግጥ የተቀበሩት ከእነሱ በታች ባለ ክፍል ነው። ያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ይቆለፋል፤ በረጀብ ወር መጨረሻ የሻህ ጃሃን መታሰቢያ ሲከበር ለሦስት ቀን ይከፈታል፤ ያኔ ሂንዱውም ሙስሊሙም ደረጃውን ወርዶ ያያል። መግቢያውም ያን ሰሞን በነፃ ነው።